ወንበሩን የሠራው ሰው

ሥራዬ ወንበር ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማትርቅ ጠባብ ሱቅ፣ የሶፋ ልብስ በመስፋት ነበር የጀመርሁት። ኋላ ላይ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ "የድሮ ወንበር የለሽም ወይ?" ማለት ሲያበዛ እኔም ፊቴን ወደ አሮጌው አዞርሁ። ከቁይ፣ ከጉንደ ወይን፣ ከሉማሜ ዙሪያ ባለክንድ ወንበሮች ፈልጌ አመጣለሁ፤ አድሳለሁ፤ ለፈላጊው አቀርባለሁ። "ይታይሽ ዓይን አላት" ይሉኛል። ሐሰት አይደለም፤ አለኝ።

አሮጌ ወንበር ስመርጥ ከፊቱ አልጀምርም። ገልብጬ ሆዱን ነው የማየው። ከላይ ያለውን ማንም ሊያሳምረው ይችላል፤ ከሥር ያለውን ግን ለታይታ ብሎ የሚደክምበት የለም። ዛሬ ዛሬ አዲስ ወንበር የተቃጠለ ዘይት ቀብተው፣ ጭስ ላይ አክርመው "የአያት የቅድመ አያት ነው" የሚሉ በዝተዋል። እንደዚያ ያለው የሚታወቀው እኩል ስለሚያረጅ ነው። ሁለቱ ክንዶች እኩል ይለሰልሳሉ፣ አራቱ እግሮች እኩል ይጠቁራሉ። ሰው ተቀምጦበት የኖረ ወንበር እንዲህ አይሆንም። ወደ እሳት ተጠግቶ የኖረ አንዱ እግሩ ይጠቁራል። ባለቤቱ ሲያስብ እጁን የሚያሻሽበት ቦታ ይጎደጉዳል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ማን እንደ ሠራው። ደንበኛ ከጠየቀኝ "ከባላባት ቤት የወጣ ነው" እለዋለሁ። የተቀመጠበትን እንጂ የጠረበውን ጠርቼ አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። "ባንቺአምላክ እባላለሁ። ከቁይ ወዲያ ነው ያለሁት። አባቴ መሪጌታ ስንሻው ናቸው፤ ወንበራቸውን መጥተሽ እንድታዪ ይፈልጋሉ" አለችኝ። የመሪጌታ ስንሻውን ስም እኔም ሰምቼዋለሁ። የድጓ መምህር ናቸው፤ ከእጃቸው ያልወጣ ደብተራ በዚያ አካባቢ የለም ይባላል። በማግስቱ ቁይ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድሁ። ጤፉ እየታጨደ ነበር።

ባንቺአምላክ ሃምሳን የተሻገረች፣ ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት። ቤት ስታስገባኝ መሪጌታ መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል። በክረምቱ እግራቸው ከድቷቸዋል። ከፊት ለፊታቸው፣ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ ወንበሩ ቆሟል።

እንዲያ ያለ ወንበር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም። ዋንዛ ነው። መደገፊያው አንድ ወጥ ሳንቃ ሆኖ ሰው ሲደገፈው ጀርባ እንዲቀበል በትንሹ ጎድጎድ ብሏል። አንድም ምስማር የለውም፤ እንጨት በእንጨት ተሰክቶ በሽብልቅ ተይዟል። መቀመጫው በጠፍር የተጠላለፈ ነው፤ በላዩ አጎዛ ተነጥፎበታል። አጎዛውን አነሣሁ፤ ወንበሩን ገለበጥሁት። ከሥሩ ያለው ሥራ ከላዩ ባያምር እንኳ አያንስም። ማንም በማያየው ቦታ የጠፍሩ ቋጠሮዎች እንደ ዶቃ ተደርድረዋል።

"አየሽው?" አሉኝ መሪጌታ።

"አየሁት፣ የኔታ።"

"ምን አየሽ?"

"ግራ ክንዱ ተበልቷል። ቀኙ ግን ጠርዙ ገና አልሞተም። በቀኝ እጅዎ መቋሚያ ይዘው ነው ያስተማሩ።"

ፈገግ አሉ። "ሌላስ?"

"ጠፍሩ ረግቧል። ለብዙ ዘመን የሚያጠብቀው ሰው አላገኘም።"

ፈገግታው ጠፋ። ባንቺአምላክ እንስራዋን አንሥታ ወጣች።

"ካላገኘ ስንት ዓመት ይመስልሻል?"

"ሠላሳ ይሆናል።"

"ሠላሳ ሁለት" አሉ። "ልጄ፣ ወንበሩ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተቀመጥሁበት፤ አይቼው ግን አላውቅም። ሰው የተቀመጠበትን አያይም። ዘንድሮ ከዚህ መደብ ላይ ስወድቅ ነው ፊት ለፊቴ የቆመው። ክረምቱን ሙሉ እሱና እኔ ስንተያይ ከረምን። ማን ሠራው ብለሽ አትጠይቂኝም?"

አፈርሁ። "ማን ሠራው፣ የኔታ?"

"አበጀ። አበጀ አበጀው፤ እኔ አበላሸሁት።"

ስለ ጠፍሩ የሚናገሩ መስሎኝ "ይታደሳል" አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ዋጋ አልነግርሽም። ነገ ግን በዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ወደ አበጀ ቤት ያደርሱኛል። አብረሽን ትመጫለሽ። አበጀ ውሰጂው ካለሽ ያንቺ ነው። ካላለሽ የለም።"

ነገሩ አልገባኝምና ባንቺአምላክን ተከትዬ ወደ ምንጩ ወረድሁ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እንስራዋን እየሞላች፣ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሣ ነገረችኝ።

አያ አበጀ እንጨት ጠራቢ፣ ቆዳ ፋቂ ነው። አገሩ ጠይብ ይለዋል፤ ቤቱ ገብቶ እህል የሚቀምስ የለም። ወንበሩን ሠርቶ ለመሪጌታ የሰጠው እሳቸው ገና ወንበር ዘርግተው ማስተማር ሲጀምሩ ነው። በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ ጠፍሩን ሊያጠብቅ ይመጣል። ልጁ ጥሩነህ ከጎረመሰ ወዲህ በአባቱ ፈንታ እሱ ይመጣ ጀመር። ጠፍሩን እያጠበቀ ዜማውን በጆሮው ይለቅማል። ባንቺአምላክ ውኃ ታቀብለዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለቱ ተዋደዱ።

"አያ አበጀ ሽማግሌ ላከ" አለችኝ። "ሦስት ሽማግሎች መጡ። አባቴ እዚያው ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ነው መልስ የሰጡ። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። 'ወንበሩን ተቀብያለሁ፤ ልጁን ግን አልቀበልም። የጠይብ ዐጥንት ከቤቴ አይገባም' አሉ። ሽማግሎቹ ሳቁ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው አሉ።"

"ጥሩነህስ?"

"መተማ ወረደ። እዚያ አግብቶ ወልዷል ይላሉ። እኔ ሌላ ባል ሲመጣልኝ እምቢ አልሁ። አባቴም አላስገደዱኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ነገር አንሥተን አናውቅም። ሠላሳ ሁለት ዓመት እህል አቀርባለሁ፤ ይባርኩልኛል። በቃ።"

እንስራዋን አዝላ ቀና አለች። እናንተ አንባቢዎቼ ያላወቃችሁትን፣ እሷም ያላወቀችውን አንድ ነገር እኔ አውቅ ነበር፤ ግን ዋጥሁት። ዓመት በዓመት ስውጠው ለምጄዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት አራት ጎረቤቶች መጡ። ሁለት አጣና ከወንበሩ ክንዶች ሥር አስረው መሪጌታን አስቀመጧቸው። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመዋል። "ወዴት ነው፣ የኔታ?" አላቸው አንደኛው። "አበጀ ቤት" አሉ። አራቱ ተያዩ። የጠየቀው ሰውዬ አጣናውን ቀስ አድርጎ መሬት አስነካውና "እኔስ ወገቤን ያመኛል" ብሎ ነጠላውን እያስተካከለ ሄደ።

ሦስቱ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። አንድ ጥግ ባዶ ነው። እኔ አንድ ርምጃ ወደፊት ስል ባንቺአምላክ ቀደመችኝ። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ጎንበስ አለችና የአጣናውን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

"አንቺ ተይው፤ ሴት ሰው ተሸክማ..." አለ ከፊቷ ያለው።

"ክረምቱን ሙሉ ማን የተሸከማቸው መሰለህ? ተነሥ" አለችው።

ተነሡ። እኔ ጃንጥላቸውን ዘርግቼ ከጎን ሄድሁ። ቁልቁለቱን ወርደን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ድንጋያማውን ዳገት ስንያያዝ የባንቺአምላክ ትንፋሽ ይሰማኛል። "ላግዝሽ" አልኋት። "አልሰጥሽም" አለችኝ። መሪጌታ ይህን ሰምተዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው በግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ያሻሻሉ።

የአያ አበጀ ቤት ከመንደሩ ተነጥሎ ለብቻው ዳገቱ ላይ ተቀምጧል። ሰውየው ደጁ ላይ መጫኛ ይገምዳል። ትንሽ፣ የጠወለገ ሽማግሌ ነው፤ እጆቹ ግን የሌላ ሰው እጆች ይመስላሉ፣ ትላልቅ ናቸው። ስንመጣ አየን። አልተነሣም።

ወንበሩን ከፊቱ አወረዱት። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አወለቁ።

"አያ አበጀ፣ እንደምን ዋሉ?" አሉ።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሲደነግጥ አየሁት። መሪጌታ ስንሻው ፋቂውን አንቱ አሉ! አያ አበጀ ራሱ ዘወር ብሎ ከኋላው አየ፤ ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ነው። ማንም የለም።

"እኔን ነው፣ የኔታ?"

"እርስዎን ነው። ስበድልዎ ፊቴ አልነበሩም፤ በሽማግሎች አፍ ነው ያዋረድሁዎት። ዛሬ በእግሬ ልመጣ እግር የለኝም። በሠሩልኝ ወንበር መጣሁ። ድንጋይ አምጡና አንገቴ ላይ አድርጉልኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

ማንም ድንጋይ ሊያነሣ አልተንቀሳቀሰም። አያ አበጀ መጫኛውን አስቀምጦ ተነሣ፤ ግን ወደ መሪጌታ አላየም። ወንበሩን ነው የሚያየው። በአውራ ጣቱ የቀኙን ክንድ መጋጠሚያ ነካ።

"ሽብልቁ ወጥቷል" አለ። "እንዲህ ሆኖ ሰው አይሸከሙበትም። አውርዷቸው።"

መሪጌታን አውርደን ደጁ ላይ ሳር ላይ አስቀመጥናቸው። ያ ሁሉ ሰው የሚሰግድላቸው ሊቅ፣ ራሳቸውን ገልጠው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ፋቂው ወንበራቸውን ሲገለብጥ ያያሉ። አያ አበጀ ከቤቱ መሮና መዶሻ አመጣ። የወይራ ቁራጭ መርጦ ይጠርብ ጀመር። አይቸኩልም። ጠርቦ ይለካል፤ ገና ነው፤ እንደገና ይጠርባል። መልሱን የሚጠብቁት መሪጌታ ብቻ አልነበሩም፤ እኔም ነበርሁ። እምቢ ቢል ምን እናደርጋለን? ተሸክመን እንዴት እንመለሳለን?

ሽብልቁን ሲያስገባ የወንበሩ ክንድ ተንሸራተተበት። ሮጥ ብዬ መጋጠሚያውን ያዝሁለት። ሦስት ጊዜ መታው።

"አያያዝሽ የለመደ እጅ ነው። የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ ቀና ብሎ።

ይህ ጥያቄ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተጠይቄዋለሁ። መልሱን በአባቴ በኩል ቆጥሬ፣ የእናቴን ወገን ዘልዬ ማለፍ ከልጅነቴ የተማርሁት ነው። ያን ቀን አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች" አልሁ። "ጠይብ ይሏት ነበር። እናቴ ስሟን እንዳናነሣ አስማለችን። ባሌ አያውቅም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

ተሸካሚዎቹ አፍጥጠው አዩኝ። አያ አበጀ መዶሻውን መሬት አኖረ።

"ስሟ ማን ነበር?"

"ጥሩወርቅ።"

"ጥሩወርቅ" አለ፤ አንድ የሚያውቃትን ሰው እንደሚጠራ። ከዚያ ወደ መሪጌታ ዞረ።

"የኔታ፣ እኔ ይቅር ካልሁዎት ቆይቷል። ቂም ይዞ ጥሩ ሥራ አይሠራም፤ እጅ ያበላሻል። ስለ ልጄ ግን እኔ ይቅር ልልዎት አልችልም፤ እሱ መተማ ነው፣ ስልኩን እሰጥዎታለሁ። ደግሞም ከሁሉ በፊት ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው እኔ ቤት አይደለም ያለው። ተሸክሞዎት ነው የመጣው።"

መሪጌታ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ባንቺአምላክ ከአጣናው አጠገብ ቆማ ትከሻዋን ታሻሻለች። አባቷ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ያን ያህል ዓመት ባንድ ጣራ ሥር ኖረው ያን ጊዜ ገና ያዩዋት መሰለኝ።

"ባንቺአምላክ" አሉ። "ዕድሜሽን በላሁት።"

አጣናውን በእግሯ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

"ልጄ፣ ይቅር በይኝ።"

"አባ" አለች መጨረሻ ላይ፤ "ይቅር እልዎት ይሆናል። ዛሬ ግን አይደለም። ዛሬ ላልቅስ።"

መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና አለቀሰች። ማንም "በቃሽ" አላላትም። መሪጌታ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ ሳይነኳት መለሱት። እኔም አለቀስሁ፤ ለእሷም ለጥሩወርቅም።

ሲረጋጋ የአያ አበጀ ሴት ልጅ ጠላ በሽክና ይዛ ወጣች። እንደማይቀበሏት ስለምታውቅ ደጃፉ ላይ ቆመች። መሪጌታ "ወዲህ በይው" አሏት። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጠጡ። ከተሸካሚዎቹ ሁለቱ ተከትለው ጠጡ፤ ሦስተኛው ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። እኔ እስከ አተላው ጨረስሁት።

"ወንበሩንስ ምን ላድርገው?" አልሁት አያ አበጀን።

"ሰጥቻለሁ፤ የሰጡትን አይመልሱም። የባንቺአምላክ ነው። እሷን ጠይቂ።"

መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጠፍሩን ለማጥበቅ አያ አበጀ በሳምንቱ ራሱ እንደሚመጣ ተነጋገሩ። እኔ ባዶ እጄን ወደ ማርቆስ ተመለስሁ።

መሪጌታ የካቲት ላይ ዐረፉ። ለተዝካራቸው ሄድሁ። ዳሱ በካህናት ተሞልቷል። ባንቺአምላክ ወንበሩን ከቤት አውጥታ ከላይኛው ቦታ አኖረችው። ሁሉም ለደብሩ አለቃ መስሏቸው መንገድ ለቀቁ። እሷ ግን ወደ ዳሱ በር ሄዳ፣ ውጭ ቆሞ የነበረውን አያ አበጀን እጁን ይዛ አስገባችና አስቀመጠችው። ከሁሉ አስቀድማ ለእሱ እጁን አስታጠበችው። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። አለቃው ጥቂት አሰቡና ጸሎቱን ጀመሩ፤ ሌላውም እንጀራውን ቆረሰ።

ስንሰነባበት ጠየቅኋት። "ነገርኋቸው" አለችኝ። "ከጥምቀት በኋላ፣ እግራቸውን ሳጥባቸው ነው። ይቅር ብያለሁ አልኋቸው። ራሴን ዳሰሱኝ። ጥሩነህም በስልክ አናግሯቸዋል። ምን እንደ ተባባሉ አልጠየቅሁም።"

ወገኖቼ፣ ለቤታችሁ አሮጌ ወንበር ስትመርጡ የነገርኋችሁን አትርሱ። ገልብጡት፤ ክንዱን ዳስሱት፤ እኩል ካረጀ ተጠራጠሩ። ግን በዚህ አታብቁ። ማን ሠራው ብላችሁ ጠይቁ። የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ስሙን ጻፉት። እኔ ዛሬ ከሱቄ የሚወጣ ወንበር ሁሉ የሠሪው ስም ከሥሩ ይጻፍበታል፤ ስሙ ካልተገኘ "ሠሪው አልታወቀም" ተብሎ ይጻፋል። አንዳንድ ደንበኛ ስሙን ሲያነብ ቅር ይለዋል። ከባላባት ቤት መሆኑን ነበር መስማት የሚፈልገው። ትቶት የሄደም አለ። ይሂድ። ሥራውን እየወደድን እጁን የምንጸየፍ ከሆነ እኛ ወንበር አልወደድንም።

የራሴን ቤት ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ከአያ አበጀ ቤት በተመለስሁ ሌሊት ሳይሆን በማግስቱ ምሳ ላይ ለባለቤቴ ነገርሁት። ጉርሻውን በእጁ እንደ ያዘ ቆየ። "ለምን ደበቅሽኝ?" አለኝ። "እንዳትጠላኝ" አልሁት። "የደበቅሽኝን ነው የጠላሁት" አለኝና ተነሥቶ ወጣ። ማታ ተመልሶ ስለ ጥሩወርቅ እንድነግረው ጠየቀኝ። ብዙ የማውቀው አልነበረም፤ የማውቀውን ነገርሁት።

እናቱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እግራቸውን ከቤቴ አነሡ። አልፈርድባቸውም፤ ሰባ ዓመት ሲሰሙት የኖሩት ነገር ነው። በየበዓሉ እየሄድሁ እጠራቸዋለሁ፤ "እሺ" ይላሉ፣ አይመጡም።

ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት ደጄ ተንኳኳ። ሳየው አማቴ ናቸው፤ ነጠላቸውን እንደ ለበሱ ደፉ ላይ ቆመዋል። "አልቆይም" አሉኝ። ወንበር አቀረብሁላቸው። አመነቱ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ምግብ ሳቀርብ እጃቸውን አልዘረጉም። እኔም አላስገደድኋቸውም። አጠገባቸው ተቀመጥሁና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ተጨዋወትን። ሲነሡ ክንዱን ተደግፈው ቆሙና ሳያዩኝ "ያቺ ሴትዮ፣ አያትሽ፣ የት ነበር የምትኖረው?" አሉኝ።

ነገርኋቸው።